የአማቴ ጠመንጃ ውፍረት

ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ ቀን አዋቂ መስሎ መታየት ያምረዋል። አንዱን በጎረቤቱ ፊት ያምረዋል፣ ሌላውን በአለቃው ፊት። እኔን ያማረኝ በአማቴ ፊት ነበር። ምኞቴ ሳይሰምር ቀርቶ ቢሆን ይኼን ሁሉ ባላወራኋችሁ፤ ሰመረና ጉድ ፈላ።

አማቴ መሪጌታ ናቸው። ዘጌ፣ ከአንዱ ገዳም ደጅ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ከማኅሌት ውጭ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ልጃቸውን ጥሩወርቅን ላገባ ስል ሥራዬን ጠየቁኝ። ቶርኖ ነው አልኋቸው። ቶርኖ ምን እንደሆነ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ፤ ብረቱን በሚሽከረከር መኪና ላይ አስረው በስለት ይልጡታል አልሁ። ጥቂት አሰቡና፣ «እንደ ድንች?» አሉኝ። ምን ልበል፣ እንደ ድንች ነው አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራዬ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ልጁን ለድንች ላጭ እንደዳረ ሰው ችለው ኖሩ።

እኔ የማክሰኝት ሰው ነኝ። ውኃ የሚፈራ ሰው ጣና ዳር ምን ይሠራል ብትሉ፣ ባሕር ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል ተቀጥሬ ነው። ሥራዬን እወደው ነበር። ከሥራዬም በላይ ካሊብሮዬን እወደው ነበር። ካሊብሮ ማለት ዕቃውን በሁለት የብረት መንጋጋ ነክሶ ውፍረቱን እስከ ሚሊሜትር ሽራፊ የሚናገር መለኪያ ነው፤ ስሙን ጣልያን ጥሎልን የሄደ። በእሱ ያልለካሁት ነገር አልነበረም። የበር ቁልፍ ለክቻለሁ፣ የብርጭቆ ከንፈር ለክቻለሁ። አንድ ቀን የጥሩወርቅን ጠጉር ለክቼ ውፍረቱን ብነግራት፣ ሌላው ባል ሚስቱን ቆንጆ ነሽ ይላታል አለችኝ።

ጊዜው ሁሉም ነገር በዘመቻ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። ፊደል የሚቆጠረው በዘመቻ፣ ችግኝ የሚተከለው በዘመቻ፣ ቦይ የሚጠረገው በዘመቻ። ዘጌ ደግሞ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ቡናው ሲቀላ ከባለቤቱ ቀድማ የምታውቀው ግን ጦጣ ናት። የዚያን ዓመት ጦጣው ከልክ አለፈና የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ በጦጣ ላይ ዘመቻ አወጀ። ስብሰባው ከዛፍ ሥር ስለነበር ጦጣዎቹም ውሳኔውን ከላይ ሆነው ሰምተዋል ይባላል።

መሣሪያ ያለው ሁሉ ይዞ ይውጣ፣ የማያገለግል መሣሪያ ያለው ግን ለማኅበሩ ያስረክብ ተባለ። መሪጌታ ከአባታቸው የወረሷት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረቻቸው፤ አንድ ፍሬ እርሳስ ሳይሆን እንደ ምስር የደቀቀ እፍኝ እርሳስ የምትተፋ ዓይነት። አባታቸው ዝገት እንዳይነካት በየሳምንቱ በደቃቅ አሸዋና በዘይት ሲወለውሏት ኖሩ። እሳቸውም ተቀብለው ሠላሳ ዓመት ወለወሏት። እንደ ብር ታበራለች። በጣት ሲያንኳኩዋት ድምፅ ትሰጣለች፤ መሪጌታ ዜማዋ አራራይ ነው ይሉ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሞላ ይባላል፤ በልጅነቱ መሪጌታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። ከተሾመ ወዲህም እሳቸውን ሲያይ ቆቡን ያወልቅ ነበር። ጠመንጃዋን ያስረክቡ ለማለት አንደበቱ አልታዘዝ ቢለው፣ የኔታ፣ አርጅታለች ይባላል፣ ፈንድታ ሰው ብትጎዳ ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ የባለሙያ ማስረጃ ካመጡ ግን ከእጅዎ አትወጣም አላቸው። መሪጌታም ባለሙያ ከወዴት ይገኛል ብለው ሲያስቡ፣ ድንች ላጩ አማቻቸው ትዝ አላቸው።

ሰኞ በጧቱ ጀልባ መጡ። ጠመንጃዋን በሰሌን ጠቅልለው፣ የሊቀመንበሩን የይለፍ ወረቀት በኪሳቸው ይዘው። እቤቴ ገብተው አረፍ ሳይሉ፣ ብረት ትለካለህ አይደል አሉኝ። እለካለሁ አልሁ። ያን ጊዜ ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ጥሩወርቅ እስከ ዛሬ እያስመሰለች ታሳያለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ሳምንት የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሐጎስ ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ ተወካያቸው እኔ ነበርሁ። ጋሽ ሐጎስ አሥመራ ከጣልያን መካኒክ ሥር ያደጉ፣ አንድ ብሎን ከማጥበቃቸው በፊት ሦስት ጊዜ የሚያዩ ሰው ናቸው። የመሳቢያቸውን ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ ውስጡ ካለው ሁሉ ማኅተሙን ጠብቅ ብለውኛል። ማኅተሙ «ተመርምሮ አልፏል» የሚል ነው፤ ተጠግኖ ለወጣ የመኪና ዕቃ ብቻ ይመታል። ተወካይነት ክፉ ነገር ነው። ሰው የራሱን ሥልጣን ይፈራዋል፤ የተዋሰውን ግን እንደ ሰርግ ልብስ ሳያሳይበት አያወልቀውም። መሪጌታን አሳርፌ ሥራ ውዬ ስመለስ፣ ካሊብሮውንም ማኅተሙንም በምሳ ዕቃዬ ይዤ መጣሁ።

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፍሁ። ጠመንጃዋን አጋድሜ የካሊብሮውን አንድ መንጋጋ ከአፈሙዟ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርጌ ነከስሁባት። በአፏ ዙሪያ አራት አራት ቦታ ለካሁ። ከአንድ ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብሁ፤ ጥሩወርቅን አጻፍሁ፤ ቅንድቤን ሰበሰብሁ። መሪጌታ፣ ታዲያ ደግ ነው ክፉ አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አላወቅሁም። የጠመንጃ ብረት ስንት መወፈር እንዳለበት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቁጥር ማንበብ ሌላ፣ ቁጥሩ የሚለውን መስማት ሌላ። ቶርኖ ቤት ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ «አላውቅም» የሚለውን ቃል በአማት ፊት እንዴት እንደሚያወጡት ግን አላስተማሩኝም። የግቢያችን የውኃ ቧንቧ ትዝ አለኝ። ቧንቧ ቀን ከሌት ውኃ ተሸክሞ ይኖራል፣ ጠመንጃ ግን የምትጨነቀው ለአንድ ቅጽበት ነው፣ ስለዚህ ደህና መሆን አለባት ብዬ በልቤ ፈረድሁ። «ደህና ናት» አልሁ።

መሪጌታ ጣታቸውን ከአፈሙዟ ጫፍ ወደ ኋላ እየጎተቱ እስከ ጥይት መጉረሻዋ ደረሱ። ጥይቱ የሚፈነዳው እዚህ ነው፣ አንተ የለካኸው እዚያ አፏ ላይ ነው፣ ለምን ይሆን አሉኝ። የዜማ መምህር ጠይቀውኝ እኔ ባለ ቶርኖው ያልሰማሁት ጥያቄ ይኸ ነው። ድምፄን አወፈርሁና፣ «ብረት አንድ ወጥ ነው። አፉ ደህና ከሆነ ሆዱም ደህና ነው» አልኋቸው።

«ሰውም እንዲህ በሆነ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወረቀት አወጣሁ። በአማርኛ ያለውን ከባድ ከባድ ቃል ሁሉ ሰበሰብሁና፣ ጠመንጃዋ በዘመናዊ መሣሪያ ተለክታ ለአገልግሎት ብቁ ሆና መገኘቷን ጻፍሁ። ፈረምሁ። ፊርማዬ ብቻውን ቆሞ ሲታየኝ እርቃኑን የቀረ መሰለኝ፤ ማኅተሙን መታሁበት። መሪጌታ ወረቀቱን ተነሥተው ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ መረቁኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። በማግስቱ ጀልባ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ፣ አማቻቸው ብረት እንደሚመረምር ሲናገሩ እንደሄዱ ሰማሁ።

ቅዳሜ ጧት ጋሽ ሐጎስ ተመለሱ። ዘመቻው የዚያኑ ዕለት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሻይ እየጠጡ በሌሉበት የተሠራውን ሥራ ሳስረዳ፣ በመጨረሻ የጠመንጃዋን ነገር ጣል አደረግሁላቸው። ማኅተሙን አላነሳሁም። እንዲያደንቁኝ ፈልጌ ነበር።

«የቱ ጋ ነው የለካሃት?» አሉ።

አፏ ላይ አልሁ። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

ጋሽ ሐጎስ ሲቆጡ አይጮሁም፤ ያስተምራሉ። የአደን ጠመንጃ አፈሙዟ ጫፉ ላይ ሆን ተብሎ ይጠባል አሉኝ፣ እርሳሱ ሳይበተን ተሰብስቦ እንዲወጣ። ከውስጥ በጠበበበት ቦታ ብረቱ ይወፍራል። ስለዚህ አፏን ለክቶ ደህና ናት ማለት፣ የቤቱን በር አይቶ ጣራው አያፈስም ማለት ነው። የምትሳሳው መሐሏ ነው፣ ተኳሹ በግራ እጁ ደግፎ የሚይዛት ቦታ። ከውስጥ ዝገት ይበላታል፣ ከውጭ ወልዋይ ይበላታል። ከዝገት ደግሞ ውልወላ ይከፋል፤ የዛገውን ሰው ይጠረጥረዋል፣ የሚያበራውን ያምነዋል። እዚያ ቦታ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር የሳሳችን ጠመንጃ እሳቸው ሊተኩሱ ቀርቶ አጠገቧ አይቆሙም። በዚያ ላይ ቀዳዳው መሐል ለመሐል ስለማይሄድ፣ ባንድ ጎን ወፍራ በሌላው ጎን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ልትሆን ትችላለች።

«የካሊብሮህ መንጋጋ ሁለት ጣት ነው» አሉ። «መሐሏ ድረስ እንዴት ገባ?»

አልገባም አልሁ። ማን ነው የሚተኩሳት አሉኝ። አማቴ አልሁ። መቼ አሉኝ። ዛሬ አልሁ።

ጋሽ ሐጎስ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ማኅተሙን አዩ። ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። መሳቢያውን ዘጉት። «ሂድ» አሉኝ። «ይኸኛውን ሰኞ እንነጋገርበታለን።»

ጀልባው ሄዷል። ከዳር ያገኘሁት እንጨት አራግፎ ወደ ዘጌ የሚመለስ አንድ ታንኳ ነው፤ ባለቤቱ አያ ፈንቴ ይባላሉ። ታንኳ ማለት አፍንጫው ቀና ተደርጎ የታሰረ የደንገል ነዶ ነው። ውኃ ከሥሩ ይገባል፣ በጎኑ ይወጣል፣ መሐል ያለው ሰው ይርሳል። መዋኘት እንደማልችል ለአያ ፈንቴ ነገርኋቸው። እሳቸውም አይችሉም ኖሯል። አርባ ዓመት ሲቀዝፉ አስፈላጊ ሆኖ አላገኙትም።

እየተጓዝን ሳለ ከፊታችን ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ከውኃው ላይ ብቅ አሉ። አያ ፈንቴ መቅዘፊያቸውን አንስተው ዝም እንድል በእጃቸው አመለከቱኝ። ጉማሬው አየን፣ አየነው። ለእኔ አንድ ክረምት የሚያህል ጊዜ ተያየን። እሱ እስኪሄድ ታንኳው እንደ ቅጠል ባለበት ይንሳፈፋል፤ እኔ ደግሞ በልቤ የመሪጌታን ግራ እጅ አያለሁ። ያ እጅ ጠመንጃዋን ሲደግፍ፣ ዘንጉን ይዞ ወረብ ሲመራ፣ እኔን ሲመርቅ። ባየሁት ደሴት ሁሉ ስለት ተሳልሁ፤ እዚህ ጧፍ፣ እዚያ ጃንጥላ፣ እዚያ ማዶ መጋረጃ። አድርሼ የጨረስሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ዘጌ ስንደርስ ፀሐይዋ አጋድላለች። ከወገቤ በታች እንደረጠብሁ በቡናው መሐል ያለውን አቀበት ስሮጥ አንድ ተኩስ ሰማሁ። አንድ የቡና ግንድ አቅፌ ቆምሁ፤ ልቅሶ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን አቀናሁ። የሰማሁት ጭብጨባ ነው። በጭብጨባው ተመርቼ ሄድሁ።

ሰዉ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰብስቧል። መሪጌታ ጠመንጃዋን ይዘው ቆመዋል፤ ሙሉ ናቸው። ጭሱ ከአፏ ቀስ ብሎ ይወጣል። ዘመቻው ሊጀመር አንዷን አፈሙዝ ሞክረው፣ ምንም ሳትሆን ቀርታ ነው የሚጨበጨበው። ሊቀመንበሩ ሞላ የእኔን ወረቀት በእጁ ይዟል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ባለሙያው ራሱ መጥቶልናል ብሎ ለሰዉ አስተዋወቀኝና ድጋሚ አስጨበጨበልኝ። ከዚያም ስለ ጠመንጃዋ አጭር ገለጻ እንዳደርግ ጋበዘኝ።

ከጉልበቴ ውኃ እየተንጠባጠበ በሰዉ ፊት ቆምሁ። እውነቱን ለመናገር ነበር የመጣሁት፤ ስቆም ግን ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። አንዲት ትንሽ ልኬት ረስቻለሁ አልሁ። ሞላ፣ ታዲያ ለካት አለኝ፤ ካሊብሮውን አልያዝሁም። አዲስ መመሪያ ወጥቷል አልሁ። የመመሪያውን ቁጥር ጠየቀኝ። ጥሩወርቅ ታማለች፣ መሪጌታ አሁኑኑ ይምጡ ብላለች አልሁ። መሪጌታ ረጋ ብለው፣ ምኗን አሉኝ። ያቺን ቃል ሲናገሩ ፊታቸው እንዴት እንደነጣ አየሁ። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልሁም።

«ጥሩወርቅ ደህና ናት» አልሁ። «የጻፍሁት ወረቀት ነው ሐሰት። የለካሁት መለካት የሌለብኝን ቦታ ነው። መሐሏ ሳስቶ ከሆነ ዛሬ ባትፈነዳ ነገ ትፈነዳለች። ማኅተሙንም ያለ ፈቃድ ነው የመታሁት።»

በዚያ ዘመን የመንግሥት ማኅተም ያለ ፈቃድ መታሁ ብሎ በሰው ፊት የሚናገር ሰው፣ ወይ ጤና የለውም ወይ ከኋላው ሌላ ነገር አለ። ሞላ ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ማኅተሙ ግን ደህና ነው አለ፣ ለራሱ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ አሁን ተተኮሰች አይደል ወይ፣ ምን ሆነች አሉ። ሰዉም እውነት ነው አለ። ፈሪ መሆኔ፣ አልፎም የጦጣ ወገን መሆኔ ሲነገር ሰማሁ።

መሪጌታ ቀረብ አሉኝ። «የመጣኸው ፈርተህ ነው ወይስ አውቀህ?» አሉ።

«አውቄ ነው። ካወቅሁ በኋላ ፈራሁ።»

ከእንጨት ጋር ታስራ፣ ሁለቱም አፈሙዟ ጎርሶ፣ ከሩቅ በገመድ ትተኮስና እንያት ብዬ ለመንሁ። ይኸ ለእሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም። የአባታቸውን ጠመንጃ በሰው ፊት እንደ ሌባ ማሰር ነው። ዓይናቸው ሱሪዬ ላይ ዐረፈ። በመጨረሻ ወደ ሰዉ ዞረው፣ ይኸ ልጅ ውኃ ይፈራል፣ ውኃ የሚፈራ ሰው በታንኳ የመጣበትን ነገር ንቆ ማለፍ አይገባም አሉና ገመድ እንዲመጣ አዘዙ።

ጠመንጃዋን ከዋርካው ባላ ላይ አስተኝተን፣ ሰደፏን ከግንዱ አስደግፈን አሰርናት። ሁለት ጥይት ጎረሰች። ገመዱን ከቀኙ ምላጭ አስረን፣ ሁላችንም ከድንጋይ ካብ ኋላ ተጠጋን። ሞላ ሳበ። ጮኸች፤ ዛፉ ላይ ያሉ ወፎች ተነሡ። ሄደን አየናት፤ ምንም አልሆነችም። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ገመዱን ወደ ግራው ምላጭ አዞርን።

ያን ጊዜ በልቤ የሆነውን ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። እንድትፈነዳ ጸለይሁ። የሰው አባት ቅርስ፣ የመሪጌታ ዓይን ማረፊያ፣ እሷ ተሰብራ እኔ እውነተኛ እንድባል ለታቦት ለመንሁ። ሰኞ ስሳሳት በትዕቢት ነበር፤ ቅዳሜ እውነት ስናገርም ያው ትዕቢት ከውስጤ አልወጣም ነበር።

ሞላ ሳበ። ጮኸች። ጭሱ ሲገለጥ ጠመንጃዋ እንዳለች አለች። ሳቁ እስከ ሐይቁ ተሰማ። አንዱ ከኋላዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አጽናናኝ፤ እሱ ከሳቁት ሁሉ ባሰብኝ። ሞላም ቆቡን አደረገና ዘመቻው ይቀጥላል አለ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። ሌላ ሰው እንዳይነካት ብለው ራሳቸው ሄደው ፈቷት። እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ከኋላ ወደ ፊት በአፈሙዟ ላይ ሲያሳልፉ እጃቸው መሐል ላይ ቆመ። መልሰው አሳለፉት፤ እዚያው ቆመ።

«እጅህን አምጣ» አሉኝ።

እጄን ይዘው አስቀመጡልኝ። ብረቱ ይፋጃል። የግራው አፈሙዝ ከሥሩ፣ ልክ የተኳሽ ግራ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ንብ እንደነደፈው ቅንድብ አብጧል። ብረቱ ሊቀደድ ተወጥሮ ነው የቀረው። ከሥር ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ሠላሳ ዓመት የወለወላት እጅ ብቻ ነበር ቀድሞ የሚያውቀው። ከዚያ ሞላን ጠርተው የእሱንም እጅ አስቀመጡበት። ሞላ ቆቡን መልሶ አወለቀ።

ቅርሳቸው ሳትሰበር እውነቱ በራሳቸው እጅ ስለተገኘ፣ ጸሎቴ ባለመድረሱ እግዚአብሔርን ያመሰገንሁት ያን ጊዜ ነው።

ዘመቻው በቆርቆሮና በድስት ተካሄደ። መሪጌታ በዜማ እየመሩ፣ እኔ የአንዲት ሴትዮ ሰፌድ እየመታሁ፣ የቡናውን ጫካ ከዳር እስከ ዳር አካለልነው። ጦጣዎቹ ለሁለት ቀን ያህል ራቅ ብለው ሰነበቱ፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ሰሞኑን ወደ ማኅሌቱ ቀረብ ቀረብ ይላሉ፣ ዜማው ሳይጥማቸው አልቀረም ይሉ ነበር መሪጌታ።

ሰኞ ፋብሪካ ሂስና ግለሂስ ተጠራ። ሁሉንም ተናገርሁ። ይቅርታ ያሰጠኛል ብዬ የተናገርሁትም ነበረበት፤ አልሰጠኝም። ከቶርኖው ተነስቼ ለስድስት ወር ዕቃ ግምጃ ቤት ብሎን እንድለይ ተፈረደብኝ። በዚያ ዘመን ከዚህ የከፋ ይሆን ነበር፤ ጋሽ ሐጎስ ተነሥተው፣ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሳላስተምረው ነው የሰጠሁት፣ ቅጣቱን አካፍሉን ስላሉ ነው የቀለለው። እሳቸውም ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ስለዚያ ወረቀት አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ወር ያህል ቆይቶ መሪጌታ መጡ። ጠመንጃዋ ከእንግዲህ እንደማታገለግል ተመዝግቦ፣ አፈሙዟ ተቆርጦ እንዲቀርብ ማኅበሩ ወስኗል። ባለ አገር አንጥረኛ ከሚቆርጣት አንተ ባለህበት ትቆረጥ ብለው ነው ይዘዋት የመጡት። ጋሽ ሐጎስ ከሥራ ሰዓት ውጭ እቤታቸው ጓሮ አስቀመጡን። አፈሙዟን በጨርቅ ጠቅልለው በብረት ማሰሪያ አጥብቀው ያዟትና፣ እብጠቱ ላይ ሁለት ቦታ በብረት መጋዝ ቀስ እያሉ ቆርጠው እንደ ቀለበት ያለች ቁራጭ አወጡ። መሪጌታ ቆመው አዩ። አንዴም ፊታቸውን አላዞሩም።

የተቆረጠችውን የግራ ቀለበት ካሊብሮው አሁን ሊነክሳት ይችላል። ጋሽ ሐጎስ ለእኔ አቀበሉኝ። ዙሪያዋን ለካሁ። ባንዱ ጎን ከሚሊሜትር ይበልጣል፤ በዚያኛው ጎን ከግማሽም ግማሽ ነው። ቁጥሩን ቀስ ብዬ ተናገርሁ። መሪጌታ ቀለበቷን ተቀብለው ስሱን ጎን ከአውራ ጣታቸው ጥፍር ጋር አስተያዩት። ጥፍራቸው ይወፍራል።

ከዚያ ተቀመጡና፣ ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር አለ ብለው ጀመሩ። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ እጃቸውን ያዙና «ግራዋን ተዋት» አሏቸው። ከዚያች በኋላ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። መሪጌታ ያን ኑዛዜ ይዘው አርባ ቀን አሰቡ። እንደ ተማሩትም አንድም እያሉ ተረጎሙት። ግራ የተባለች ይህች ኃላፊ ዓለም ናት። አንድም፣ ኃጥኣን የሚቆሙባት ወገን ናት። አንድም፣ ቂም ናት። በትርጓሜያቸውም ኖሩበት። በስተ ግራ ካለው ጎረቤታቸው ጋር በቡና ድንበር የነበራቸውን ክርክር ለዚያ ቃል ሲሉ ተዉለት። በጎልማሳነታቸው ግራ ጌታ ሊሏቸው ቢነሡ፣ አባቴ አውግዞኛል ብለው ሹመቱን መለሱ። ጥይት ስለሚቸግር ደግሞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከቀኙ አፈሙዝ በቀር አጉርሰው አያውቁም፤ ያን ግን ከኑዛዜው ጋር አገናኝተውት አያውቁም።

ቀለበቷን በብርሃኑ ላይ አዙረው አዩዋት።

«አንድም» አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ሊያለቅሱ መስሎኝ ነበር። «አንድም፣ ግራዋ አፈሙዝ ናት።»

ከዚያም ያ ከማኅሌት ውጭ ከፍ የማይል ድምፃቸው በሳቅ ከፍ አለ፤ ጋሽ ሐጎስም መጋዛቸውን አስቀምጠው ግድግዳ እስኪደገፉ ድረስ ሳቁ።